«ሰው አለህ?» ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የተሳሳተ ጥያቄ

ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ጓደኛዬ ነው። ድምፁ የሰከረ ሰው አይመስልም፤ የፈራ ሰው ነው የሚመስለው። «ተይዣለሁ» አለኝ። ከሐይቁ ዳር ወደ አቶቴ ሲመለስ የአጎቱን ፒካፕ መንገድ ዳር ካለች የጀበና ቡና ቤት ጋር አላትሞታል። ደግነቱ በዚያ ሰዓት ውስጧ ማንም አልነበረም። ቆርቆሮው ተጨማዷል፣ ሲኒዎቹ ተሰባብረዋል፣ ዱካዎቹ ቦይ ውስጥ ገብተዋል። ትራፊክ መጣ፣ «ንፋ» ተባለ፣ ነፋ፣ መንጃ ፈቃዱ ተያዘ፣ መኪናው ወደ ጣቢያ ተወሰደ።

ከዚያ የጠየቀኝ ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «ጠበቃ ታውቃለህ?» አላለኝም። «ሕጉ ምን ይላል?» አላለኝም። «እዚህ ጣቢያ ሰው አለህ?» ነው ያለኝ።

እኔም አልተገረምኩም፤ ስልኬን ከፍቼ ስም መፈለግ ጀመርኩ። ሁለታችንም ዩኒቨርሲቲ ጨርሰናል፣ ሁለታችንም ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነን። ግን ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ሰው ከዚያች ሌሊት ጀምሮ መንጃ ፈቃዱ እስኪመለስለት ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ አንዳችንም አናውቅም ነበር።

ይሄ ጽሑፍ ጠጥቶ የነዳን ሰው ለማስመለጥ የተጻፈ አይደለም። ጓደኛዬ አጥፍቷል፣ ቅጣቱም ይገባዋል። ክርክሬ ሌላ ነው። ሂደቱ ለሰው ግልጽ ካልሆነ ሂደቱ ራሱ ገበያ ይሆናል። ገበያው ውስጥ ደግሞ ገንዘብ ያለው ይወጣል፣ የሌለው ይቀራል፣ ጉዳት የደረሰበትን ሰው የሚያስታውሰው የለም።

ሁለት ፋይል እንጂ አንድ አይደለም

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር፣ ከዚያች ሌሊት በኋላ ሁለት ፋይል ይከፈታል። አንዱ የቅጣት ወይም የወንጀል ፋይል ነው፤ ከፖሊስ ወደ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት የሚሄድ። ሌላው የመንጃ ፈቃዱ ፋይል ነው፤ መንገድ ትራንስፖርት የምንለው መሥሪያ ቤት ጋ የሚቀመጥ። አንዱ ተዘጋ ማለት ሌላው ተዘጋ ማለት አይደለም። «ፍርድ ቤት ጨርሻለሁ» ብሎ መንጃ ፈቃዱ ታግዶ እያለ መሪ የጨበጠ ሰው አዲስ ጥፋት ነው የሚጀምረው።

በፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው ነገር ክብደት ደግሞ በዚያች ሌሊት በሆነው ይወሰናል።

ሰውም ንብረትም ካልተጎዳ ጉዳዩ የትራፊክ ደንብ ጥሰት ነው። በደንብ ቁጥር 208/2003 የተቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.8 ግራም አልኮል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአጠቃላይ አሽከርካሪ የሚመክረው ከዚህ ያነሰ፣ 0.5 ግራም ነው። ለጀማሪና ለወጣት አሽከርካሪ ደግሞ 0.2 ይላል። በ2016 የወጣው ደንብ ቁጥር 557 ቅጣቶችን ከፍ አድርጓል። በዚህ ደረጃ ያለው ቅጣት ገንዘብ፣ በመንጃ ፈቃዱ ላይ የሚመዘገብ የጥፋት ነጥብና እገዳ ነው።

ሰው ከሞተ ግን ዓለሙ ይቀየራል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት እንደ አሽከርካሪ ያለ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ይጠብቀዋል። አልኮል ጠጥቶ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማበት ሁኔታ ያስገባ ሰው ግን በንዑስ አንቀጽ 3 ስር ይወድቃል፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር። ያው መንገድ፣ ያው መኪና፣ ያው አደጋ ሆኖ መጠጡ ብቻ ከቀላል እስራት ወደ ጽኑ እስራት ያሻግረዋል።

«ሰክሬ ስለነበር አላስታውስም» የሚል መከላከያም አይሠራም። አንቀጽ 50 ሆን ብሎ ወይም በጥፋቱ ራሱን ያሰከረ ሰው በስካሩ ከለላ እንዳያገኝ በሩን ይዘጋል። ገጭቶ መሸሽ ደግሞ ሌላ ክስ ይጨምራል። ያቆሰሉትን ሰው ሳይረዱ ጥሎ መሄድ በአንቀጽ 575 ለብቻው ያስጠይቃል።

የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት

ጓደኛዬ በዚያች ሌሊት ማወቅ የነበረበት ነገር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 እና 20 ውስጥ አለ፤ ተደብቆ አያውቅም። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ዝም የማለት መብት አለው። የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ጠበቃ የማግኘት፣ የፍርድ ቤቱን ቋንቋ ካልቻለ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። ሐዋሳ ውስጥ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛና ኦሮምኛ በአንድ ጎዳና ላይ የሚሰማባት ከተማ እንደመሆኗ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም።

በዋስ ስለመውጣት፦ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 28 መሠረት ጥፋቱ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ መርማሪው ፖሊስ ራሱ በዋስ ወይም ያለ ዋስ ግዴታ አስፈርሞ ሊለቅ ይችላል። «ሊለቅ ይችላል» ነው፣ «ይለቃል» አይደለም። ካልለቀቀ ጥያቄው ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ካለ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ሊሰጥ ይችላል።

ሰው ሞቶ ከሆነ ግን ዋስትናው ራሱ ክርክር ነው። አንቀጽ 63 የሚለው፣ ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነና ተጎጂው ከሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ከሆነ ዋስትና አይፈቀድም ነው። ጠጥቶ ነድቶ የገደለ ሰው የቅጣት ጣሪያ ደግሞ በትክክል 15 ዓመት ነው። አንድ ጠርሙስ ያመጣውን መዘዝ እዩት።

አንድ ተጨማሪ ነገር። የዋስትና ገንዘብ ቅጣት አይደለም፤ ጉቦም አይደለም። በቀጠሯችሁ ከቀረባችሁ ጉዳዩ ሲያልቅ የሚመለስ መያዣ ነው። ስለዚህ ደረሰኝ አለው። ደረሰኝ የሌለው «ዋስትና» ካያችሁ የምትከፍሉት ሌላ ነገር ነው።

ደላላው መጣ

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ጠዋት ላይ አጎቱ ዋስ ሆነውት ተለቀቀ፣ የቀጠሮ ቀን ተሰጠው። እዚህ ድረስ ሂደቱ እንደ ወረቀቱ ሄዷል።

ከጣቢያው በር 50 ሜትር ሳይርቅ ግን አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ሰው አገኘው። መታወቂያ የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ ስልክ ብቻ አለው። «ፋይሉን እዘጋልሃለሁ፣ መንጃ ፈቃድህንም በሳምንት ውስጥ አመጣልሃለሁ፣ አንተ ምንም ቦታ መሄድ የለብህም» አለው። ጓደኛዬ ከፈለ። ከሳምንት በኋላ «ትንሽ ቀረ» ተባለ፤ ድጋሚ ከፈለ። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ደረሰ፤ «አትሂድ፣ ተዘግቷል» ተባለ። አልሄደም። ፋይሉ አልተዘጋም ነበር። በቀጠሮው ስላልቀረበ እንዲያዝ ታዘዘ፣ ዋስ የሆኑት አጎቱም ለምን አላቀረብከውም ተብለው ተጠሩ። የደላላው ስልክ ደግሞ «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊያገኙ አይችሉም» ሆነ።

ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ሰው በ1970 (እ.ኤ.አ.) ስለ ያገለገሉ መኪናዎች የጻፈውን ተምረን ነበር። ሻጩ መኪናው ያለበትን ሁኔታ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ በዚህ ልዩነት የተነሳ ገበያው ይበላሻል። እኛ አገር ቪትዝ በደላላ የገዛ ሁሉ ይሄን ያለ ሌክቸር ይገባዋል። የፍርድ ሂደትም እንደዚያው ነው። ደላላው የሚሸጠው ሕግን የማጠፍ ችሎታ ነው ብለን እናስባለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ግን የኛን አለማወቅ ነው። «በሳምንት መንጃ ፈቃድህን አመጣለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ዋጋ የሚያወጣው፣ መንጃ ፈቃዱ በሕጉ መንገድ በስንት ጊዜና በየትኛው መስኮት እንደሚመለስ ስለማናውቅ ብቻ ነው።

ሌላም ነገር ልበል። እውነት ጉቦ ተቀብሎ ፋይል የሚያጠፋ ሰው ቢገኝስ? ያኔ ሰጪውም ተቀባዩም ወንጀለኛ ናቸው። በትራፊክ ጥፋት የገባ ሰው በሙስና ክስ ሊወጣ ነው ማለት ነው። አቋራጩ ረጅሙም ውዱም መንገድ ነው።

ፍርድ ቤት ውስጥ የሚሠራው ምንድን ነው?

ጓደኛዬ በመጨረሻ ጠበቃ አናገረ። ጠበቃዋ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ትንፋሽ መመርመሪያው አልነበረም። «ቡና ቤቷን ካሳህ?» ነው ያለችው።

አልካሰም ነበር። ለደላላ ሁለት ጊዜ ከፍሏል፣ ለባለ ቡናዋ ግን አንድ ብር አልሰጠም።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት የሚያቀልሉ ምክንያቶችን ሲዘረዝር፣ ከጥፋቱ በኋላ በእውነት የተጸጸተ፣ ተጎጂውን የረዳ፣ ጥፋቱን ያመነ፣ ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን የካሰ ሰውን ይጠቅሳል። ይሄ ያለ ደላላ፣ በሕግ የተጻፈ ማቅለያ ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው አባባልም የሚሠራው እዚህ ጋ ነው።

ሽማግሌ መላክም ቦታ አለው። በሲዳማ አፊኒ የሚባለው የሽምግልና ሥርዓት መሠረቱ ሀላሌ፣ ማለትም እውነት ነው፤ እውነቱን ሳታወጣ እርቅ የለም። ግን አንድ ነገር አይምታታ፦ ከተጎጂ ጋር መታረቅ ካሳውን ይፈታል፣ ቅጣቱንም ሊያቀልል ይችላል፤ በዐቃቤ ሕግ የተያዘ ከባድ የወንጀል ክስን ግን በራሱ አያቆምም።

ፍርድ ቤት ላይ ክሱ ይነበባል፣ «አድርገሃል ወይስ አላደረግህም?» ትባላላችሁ። ክሱን ሳታነቡና ሳይገባችሁ አትመልሱ። ማመን ቅጣትን ያቀላል፤ ግን ያልሆነውን ማመን ሌላ ነገር ነው። ጥፋተኛ ከተባላችሁ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ማቅለያ ታቀርባላችሁ፤ የመጀመሪያ ጥፋት መሆኑ፣ የካሳ ደረሰኝ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት። ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን በገደብ ሊያደርገውም ይችላል። ገደብ ማለት ነፃ መውጣት አይደለም፤ በጊዜው ውስጥ ድጋሚ ካጠፋችሁ የተንጠለጠለው ቅጣት ይወርዳል። በፍርዱ ያልተስማማ ሰው ይግባኝ የሚጠይቅበት ጊዜ አጭር ነው። በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ያሳውቃል፣ የፍርዱን ግልባጭ ካገኘ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን ያስገባል።

አጎቱም ከነገሩ አልወጡም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ዓላማውም ተጎጂን መጠበቅ ነው። የራሳችሁን መኪና ጥገና የሚሸፍነው የመድን ውል ግን ብዙውን ጊዜ ሹፌሩ ጠጥቶ ከሆነ አንከፍልም የሚል አንቀጽ አለው። ውላችሁን ዛሬ አውጡና አንብቡት። «ቁልፉን ስጠኝ፣ ልምጣ» ለሚላችሁ ዘመድ ቁልፍ ስትሰጡም ምን እየሰጣችሁ እንደሆነ እወቁ።

ያው ቅጣት ለሁሉም ያው አይደለም

አሁን ብዙ ሰው የማያነሳውን ላንሳ። ሁለት ሰዎች አስቡ። አንዱ ለሳምንት መጨረሻ ከአዲስ አበባ በቪ8 የመጣ፣ ሐይቅ ዳር ሲዝናና ያመሸ። ሌላው የሰው ባጃጅ ይዞ በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ የሚያስገባ ልጅ። ሁለቱም ቢያዙ የገንዘብ ቅጣቱ በወረቀት ላይ እኩል ነው። ለመጀመሪያው የአንድ ምሽት ሒሳብ ነው። ለሁለተኛው የሳምንት እንጀራ ነው። የመንጃ ፈቃድ እገዳው ደግሞ ለመጀመሪያው ሹፌር መቅጠር ነው፤ ለሁለተኛው ሥራ ማጣት ነው።

ባጃጅ ነጂው ጠጥቶ ይንዳ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ሰው የሚጭን ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። የምለው፣ ደላላው ጋ ቀድሞ የሚሄደው የሚያጣው ነገር የበዛበት ሰው ነው። ተበድሮ የሚከፍለውም እሱ ነው። ፊንላንድ ውስጥ የትራፊክ ቅጣት በገቢ ልክ ይሰላል፤ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ከኖኪያ ኃላፊዎች አንዱ በሞተር ሳይክል ከፍጥነት ወሰን በላይ በመንዳቱ 116 ሺህ ዩሮ ተቀጥቶ ዓለም ጉድ ብሏል፤ በኋላ በይግባኝ ቢቀነስለትም። የኛም የወንጀል ሕግ ፍርድ ቤት የገንዘብ ቅጣት ሲወስን የጥፋተኛውን አቅም እንዲያይ ይላል። ቁርጥ ያለው የትራፊክ ቅጣት ግን ኪስ አያይም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ሰው በቅደም ተከተል የት እንደሚሄድ፣ ምን ያህል እንደሚከፍል፣ የት እንደሚከፍል፣ መንጃ ፈቃዱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታገድ፣ ቅሬታ የት እንደሚያቀርብ የሚናገር አንድ ገጽ። በሲዳምኛና በአማርኛ። በየጣቢያው ግድግዳ ላይ፣ በፍርድ ቤት መግቢያ፣ በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መስኮት፣ በቴሌግራም ቻናልም ላይ። ይሄን ማድረግ አዲስ ሕግ አይጠይቅም፣ በጀትም አይጠይቅም። ደላላውን ከበር ላይ ለማባረር ከፖሊስ ዱላ የበለጠ ይሠራል።

ሐይቅ ዳር ላሉ ባለ ሆቴሎችና ባለ መጠጥ ቤቶችም አንድ ነገር። ጥበቃችሁ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ እየተንገዳገደ ለወጣ ሰው «ና፣ ና፣ ወደኋላ፣ በቃ!» እያለ መኪና ያስወጣል፣ ጉርሻም ይቀበላል። በዚያው ጉርሻ መኪናውን እስከ ጠዋት ይጠብቅለት፣ ኮንትራት ይጥራለት። ፍቼ ጨምባላላ ሲደርስ፣ የታኅሣሥና የሐምሌ ገብርኤል ሲሆን፣ ዘመን ሲለወጥ ከተማችን በእንግዳ ትሞላለች። ከእነዚያ ቀናት በፊት መጀመር ይቻላል።

ለእኛ ለወጣቶቹ ደግሞ ቀላል ሒሳብ አለ። ሰውነት አልኮልን የሚያስወግደው በግምት በሰዓት 0.15 ግራም በሊትር ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ 1.5 የደረሰ ሰው ከወሰኑ በታች የሚወርደው ወደ 11 ሰዓት ገደማ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንኳ ገና 0.3 አለበት። ጥቁር ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ ጥሬ ሥጋ ይሄን ሒሳብ አይቀይሩትም። «ደህና ነኝ» የሚለው ስሜትም አይቀይረውም። የኮንትራት ሒሳብ ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ጥፋቱን አመነ፣ ተቀጣ፣ መንጃ ፈቃዱም ለወራት ታገደ። ከዚያ በፊት ግን ከአጎቱ ጋር ሆነን ባለ ቡናዋ ጋ ሄድን። ቆርቆሮውን፣ ሲኒውን፣ ያልሠራችባቸውን ቀናት ቆጥረን ከፈለ። አልተቆጣችም። ገንዘቡን ቆጥራ መቀነቷ ውስጥ ከከተተች በኋላ ጥግ ላይ ያለ ዱካ አሳየችን። በሥራ ቀን ማታ ማታ ልጇ እዚያ ቁጭ ብሎ ነው የሚያጠናው። «ሰው ኖሮበት ቢሆንስ?» አለችው።

እሱ ያንን ሌሊት የጠየቀኝ «ሰው አለህ?» ብሎ ነበር። መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ናት።